ማዕቀብ፣ ታሪፍና የባንክ ቀውስ የዓለምን የሸቀጥ ገበያ እንዴት ያናጉታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አገሮች በንግድ ሲጋጩ ወይም አንድ ትልቅ ባንክ ሲወድቅ የነዳጅ፣ የስንዴና የብረታ ብረት ገበያ ወዲያው ይደነግጣል። ድንጋጤው ግን ሁሌ በአንድ አቅጣጫ አይሄድም። አንዳንዴ ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ አንዳንዴ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ግማሹ ይረግፋል። ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ለመመለስ ሞክሬያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትኞቹን ሸቀጦች ነው የምናወራው?

ጥራታቸው እስከተመሳሰለ ድረስ ከየትም ቢመጡ አንዱ በሌላው የሚተኩትን ነው። ድፍድፍ ነዳጅ፣ የተፈጥሮ ጋዝ፣ ስንዴ፣ ሩዝ፣ አኩሪ አተር፣ መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ኒኬል፣ ወርቅ እና የመሳሰሉት። መተካካታቸው ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ወደብ ሲዘጋ በሌላው የዓለም ጫፍ ያለ ገዢ ዋጋ የሚጨምርበት በዚህ ምክንያት ነው።

ግጭትም ቀውስም ዋጋ ያስወድዳሉ ማለት ነው?

አይደለም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ተቃራኒ ሥራ ነው የሚሠሩት።

ማዕቀብ፣ ታሪፍ፣ የወጪ ንግድ እገዳ ብዙውን ጊዜ የሚመቱት ሻጩን ወይም መንገዱን ነው። ሸቀጡ ገዢው ጋ መድረስ ያቅተዋል፤ ዋጋ ይንራል። በኦክቶበር 1973 የአረብ ነዳጅ አምራቾች እስራኤልን ለደገፉ አገሮች ነዳጅ አንሸጥም ሲሉ በርሜሉ 3 ዶላር ገደማ ነበር። በ1974 መጀመሪያ 12 ዶላር አካባቢ ገባ።

የፋይናንስ ቀውስ ግን ገዢውን ነው የሚመታው። ፋብሪካው ብድር ያጣል፣ ሰው መኪና መግዛት ያቆማል፣ ግንባታ ይቆማል። ሸቀጡ ሞልቶ የሚወስደው ይጠፋል፤ ዋጋ ይወርዳል። ችግሩ ሁለቱ ተያይዘው ሲመጡ ነው። ያኔ ዋጋው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሮጥ ይችላል።

በ2008 ነዳጅ ከ147 ዶላር ወደ 30ዎቹ የወረደው ምን ተገኝቶ ነው?

ምንም አልተገኘም። በጁላይ 2008 የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ በርሜሉ 147 ዶላር ደርሶ ነበር። ከዚያ መውረድ ጀመረ። ሴፕቴምበር 15 ላይ ሌማን ብራዘርስ የተባለው የኒውዮርክ ባንክ መክሰሩን አወጀ፤ ቁልቁለቱም ባሰበት። በዲሴምበር ያው በርሜል 30 ዶላርን ትንሽ አለፍ ብሎ ይሸጥ ነበር። አምስት ወር ብቻ ነው የፈጀው።

አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዓለም ሥራ ስለቀነሰ የነዳጅ ፍላጎትም ቀነሰ። ሁለተኛው፣ ብዙ ፈንዶች (የሰው ገንዘብ ሰብስበው የሚነግዱ ድርጅቶች) ወደፊት ነዳጅ ለመረከብ የሚገባውን ውል የያዙት በብድር ገንዘብ ነበር። አበዳሪው «ገንዘቤን» ሲል ያላቸውን ሁሉ በተገኘው ዋጋ ሸጡ። ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያየው ነው፣ እኔ ግን ከሁሉ የሚያስተምር ይመስለኛል።

አንድ መርከብ ሙሉ የብረት ማዕድን የሚገዛ ሰው ብሩን በቦርሳ ይዞ አይሄድም። የእሱ ባንክ ለሻጩ ባንክ «ሰነዶቹ ተሟልተው ሲደርሱኝ እከፍላለሁ» የሚል ማረጋገጫ ይሰጣል። ኤልሲ የምንለው ይህንን ነው። በ2008 መጨረሻ ባንኮች አንዱ የሌላውን ቃል ማመን አቆሙ። ዕቃው ወደብ ላይ አለ፣ ገዢው አለ፣ መርከቡ መልሕቁን ጥሎ ቆሟል። የጠፋው ኤልሲውን የሚቀበል ባንክ ነው። የደረቅ ጭነት መርከቦችን ኪራይ የሚለካው የባልቲክ ኢንዴክስ በሜይ 2008 ከ11,700 በላይ ነበር። በዲሴምበር ከ700 በታች ሆነ። እህልና ማዕድን የሚጭኑ መርከቦች ሥራ ፈትተው ቆሙ ማለት ነው።

የሸቀጥ ገበያን ማየት ያለብን በዚህ መነጽር ነው ብዬ አምናለሁ። ምን ያህል ሸቀጥ አለ የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ መልስ አይሰጥም። ያለው ሸቀጥ መንቀሳቀስ ይችላል ወይ? ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ መርከብና ፈቃድ አለው ወይ? ዋጋው የሚወሰነው በእነዚህም ጭምር ነው።

ማዕቀብ የተጣለበት ሸቀጥ ከገበያ ይጠፋል?

አልፎ አልፎ። አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ይቀይራል። በጃንዋሪ 1980 ፕሬዚዳንት ካርተር ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታንን በመውረሯ የአሜሪካ እህል እንዳይሸጥላት አገዱ። ሶቪየቶች ወደ አርጀንቲናና ወደ ሌሎች ሻጮች ዞሩ። በሚቀጥለው ዓመት ሬገን እገዳውን አነሱ። ዳፋው በዋነኝነት የተረፈው ለአሜሪካ ገበሬ ነበር።

በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የሩሲያ ነዳጅም እንዲሁ ሆነ። አውሮፓ በብዛት መግዛቱን ሲተው፣ ከዚያ በፊት ከሩሲያ ብዙም የማትገዛው ህንድ ዋነኛ ደንበኛ ሆነች። ቻይናም በቅናሽ ወሰደች። የቡድን ሰባት አገሮችና አጋሮቻቸው በዲሴምበር 2022 በባሕር በሚጓዘው የሩሲያ ድፍድፍ ላይ በበርሜል የ60 ዶላር የዋጋ ጣሪያ ሲያወጡ የተጠቀሙት መሣሪያ ኢንሹራንስና መርከብ ነበር። ከጣሪያው በላይ የተሸጠ ነዳጅ የእነሱን ኢንሹራንስና ማጓጓዣ አያገኝም አሉ። ውጤቱ ምን ሆነ? ነዳጁ መጓዙን ቀጠለ። ግን ረጅም መንገድ፣ ያረጁ መርከቦችና ባለቤታቸው በውል የማይታወቅ ድርጅቶች ገቡበት። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ ወጪውን የሚከፍል ሰው ደግሞ አለ።

ቶሎ የማይተካ ሸቀጥ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአፕሪል 2018 አሜሪካ ከቻይና ውጭ ትልቁ የአሉሚኒየም አምራች በነበረው የሩሲያው ሩሳል ላይ ማዕቀብ ጣለች። ቶኑ ከ2,000 ዶላር አካባቢ ተነስቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ2,500 በላይ ወጣ። ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ ሊያልቅባቸው ነው ብለው ጮኹ። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ደንበኞች ከሩሳል ጋር ያላቸውን ሥራ እንዲያቋርጡ የሰጠውን የጊዜ ገደብ ያንኑ ወር አራዘመ፤ ዋጋውም ተመልሶ ወረደ። ማዕቀቡ በጃንዋሪ 2019 ተነሳ።

ታሪፍስ? ቀረጥ ብቻ አይደል እንዴ?

ቀረጥ ነው፤ ግን አንዱን የዓለም ዋጋ ለሁለት ይሰነጥቀዋል።

በጁላይ 2018 ቻይና ለአሜሪካ ታሪፍ አጸፋ በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ 25 በመቶ ጣለች። ቻይና የዓለም ትልቋ የአኩሪ አተር ገዢ ናት። የአሜሪካው ዋጋ አሥር ዓመት ያልታየበት ዝቅታ ላይ ወረደ። የብራዚሉ ደግሞ ከአሜሪካው በላይ ተጨማሪ ክፍያ ማስገኘት ጀመረ። የአሜሪካ መንግሥት ለገበሬዎቹ እስከ 12 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ድጋፍ አደርጋለሁ አለ። ያው ፍሬ፣ ያው ዘይት፣ ሁለት ዋጋ።

የበለጠ የሚገርመው የ2025ቱ የመዳብ ነገር ነው። አሜሪካ መዳብ ላይ ታሪፍ ልትጥል ነው ሲባል ነጋዴዎች ቀድመው መዳቡን ወደ አሜሪካ መጋዘኖች ማጋዝ ያዙ። የኒውዮርክ ዋጋ ከለንደኑ በቶን በሺህ በሚቆጠር ዶላር በለጠ። ጁላይ 30 አዋጁ ሲወጣ 50 በመቶው ቀረጥ የተጣለው እንደ ሽቦና ቧንቧ ባሉ ከፊል የተሠሩ ምርቶች ላይ ሆነ። ሁሉም ሲያግዘው የከረመው የተጣራ መዳብ ነፃ ቀረ። የኒውዮርክ ዋጋ በአንድ ቀን 20 በመቶ ገደማ ተንከባለለ። ማዕድን ማውጫ ውስጥ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ዋጋውን የሚያንሩት በወረቀት ላይ የሚነግዱት ናቸው ይባላል። እውነት ነው?

በከፊል። የሸቀጥ ገበያው ሁለት ፎቅ አለው። ታች ስንዴው፣ በርሜሉ፣ ብረቱ ይለዋወጣል። ላይ ደግሞ ወደፊት ለማስረከብ የሚገባ ውል ይሸጣል፣ ይገዛል። ገበሬውም ፋብሪካውም ራሳቸውን ከዋጋ መዋዠቅ የሚጠብቁት በዚህ ውል ነው። በግምት የሚነግደውም እዚያው ነው ያለው። በተረጋጋ ጊዜ ይህ ሰው ይጠቅማል፤ ሌላው የሚፈራውን ሥጋት ይገዛልና። በቀውስ ጊዜ ግን ውሉ ራሱ እሳት ላይ ቤንዚን ይሆናል።

የማርች 2022ን የኒኬል ገበያ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ሩሲያ ንጹሕ ኒኬል በብዛት ታመርታለች። ጦርነቱ ሲጀመር አቅርቦቱ ይቋረጣል የሚል ፍርሃት ነገሠ። በሌላ በኩል ጺንግሻን የተባለው ግዙፍ የቻይና አምራች ዋጋ ይወርዳል ብሎ ብዙ ውል አስቀድሞ ሸጦ ነበር። ዋጋው ሲወጣ ደላሎቹና ባንኮቹ «ተጨማሪ ማስያዣ አምጣ» አሉት። እንዲህ ዓይነት ሻጭ ከጉዳቱ ለመውጣት የሸጠውን መልሶ መግዛት አለበት። መልሶ በገዛ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። በጨመረ ቁጥር ማስያዣው ይከብዳል። ቀናት ቀደም ብሎ ከ30,000 ዶላር በታች የነበረው ቶን ማርች 8 ጠዋት 100,000 ዶላርን አለፈ። ከ1877 ጀምሮ የቆየው የለንደን የብረታ ብረት ገበያ ግብይቱን አቆመ። የዚያን ቀን ንግዶችንም ሰረዘ። የተሰረዘባቸው ሰዎች ቁጣ ገና አልበረደም፤ እኔም እፈርድላቸዋለሁ። አትርፈህ ስትሠራ ውሉ የሚሰረዝ ከሆነ ገበያውን ማን ያምናል?

ወደ ታችም ይሠራል። አፕሪል 20 ቀን 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ነዳጅ የሚፈልግ ጠፋ። በኦክላሆማ የምትገኘው የኩሺንግ ማከማቻ ታንከሮች በሙሉ ወይ ሞልተው ወይ በሌሎች ተይዘው ነበር። በኩሺንግ የሚረከበው የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ ውል በማግስቱ ያበቃል፤ የያዘው ሰው ነዳጁን መረከብ ሊገደድ ነው፣ ማስቀመጫ ግን የለውም። ስለዚህ ውሰዱልኝ ብሎ ከፈለ። የቀኑ መዝጊያ ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ነበር።

የእህል ዋጋ ያለ ድርቅም ለምን ይንራል?

መንግሥታት ስለሚፈሩ ነው። 2007 እና 2008ን የመሰለ ማስረጃ የለም። የዓለም የሩዝ ምርት መጥፎ አልነበረም። ግን የስንዴና የነዳጅ ዋጋ ወጥቶ ነበር። ህንድ የሕዝቤን ምግብ ልጠብቅ ብላ በኦክቶበር 2007 የሩዝ ወጪ ንግዷን ገደበች። ቬትናም ተከተለች። በወቅቱ ከዓለም ዋነኛ ሩዝ አስመጪዎች አንዷ የነበረችው ፊሊፒንስ ደነገጠችና በማንኛውም ዋጋ ለመግዛት ተሯሯጠች። በዓለም ከሚመረተው ሩዝ ድንበር የሚሻገረው ከአሥር በመቶ ያነሰ ነበር። ገበያው ጠባብ ነው፤ ትንሽ ሲገፉት ይናጋል። በ2008 መጀመሪያ ከ400 ዶላር በታች የነበረው የታይላንድ ሩዝ በጸደዩ ቶኑ 1,000 ዶላር አካባቢ ደረሰ።

ጦሱን የተሸከመው ሌላ ነው። በሄይቲ በአፕሪል 2008 ሰው በምግብ ዋጋ ምክንያት አደባባይ ወጣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በሴኔት ውሳኔ ከሥልጣን ወረዱ። ይህን ሳስብ ያመኛል። በቂ ሩዝ በነበረበት ዓመት የተራበ ሰው ነበር።

ያንን ዋጋ የሰበረው ምን እንደሆነ ማወቅም ደስ ይላል። ጃፓን በዓለም ንግድ ድርጅት ግዴታዋ ከውጭ ያስገባችው ሩዝ በመጋዘኖቿ ነበራት። በሜይ 2008 ይህን ሩዝ ልትለቀው ትችላለች የሚል ወሬ ወጣ። ከረጢቶቹ መጋዘን ውስጥ እንደተደረደሩ ሳለ ዋጋው መውረድ ጀመረ። ወሬው ብቻ በቃ።

ትምህርቱ ግን አልጸናም። በ2022 ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ለሳምንታት አገደች። በጁላይ 2023 ህንድ ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ እንዳይወጣ ከለከለች።

ጋዝና እርሻ ምን ያገናኛቸዋል?

ማዳበሪያ። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ። በኦገስት 2022 የአውሮፓ የጋዝ ዋጋ በሜጋዋት ሰዓት ከ300 ዩሮ በላይ ሲወጣ ብዙ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ሥራ ቀነሱ ወይም ዘጉ። የዚህ ጉዳት ዕለቱን አይታይም። ዘንድሮ ማሳ ላይ ያልዋለ ማዳበሪያ ጉዳቱ የሚቆጠረው በሚቀጥለው ምርት ነው።

በቀውስ ጊዜ ወርቅ ሁሌም ይጨምራል?

በስተኋላ ብዙ ጊዜ ይጨምራል፤ መጀመሪያ ላይ ግን ሊወድቅ ይችላል። በማርች 2008 አውንሱ 1,000 ዶላርን የነካው ወርቅ በዚያው ዓመት መገባደጃ 700 አካባቢ ወርዶ ነበር። ሰዎች ወርቅ ስለጠሉ አይደለም፤ ዕዳ ለመክፈል የሚሸጥ ነገር ይፈልጉ ነበር። በሴፕቴምበር 2011 ያው ወርቅ ከ1,900 በላይ ሆነ።

በ2022 ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ ሀብት በውጭ አገር ታገደ። ሌሎች ማዕከላዊ ባንኮች ይህን አዩ። በ2022፣ በ2023 እና በ2024 በየዓመቱ ከ1,000 ቶን በላይ ወርቅ ገዙ። ካዝናህ ውስጥ ያለን ወርቅ ማንም በደብዳቤ አያግደውም።

ዶላር እዚህ ምን አገባው?

አብዛኛው ሸቀጥ በዶላር ነው የሚተመነው። ቀውስ ሲመጣ ሁሉም ወደ ዶላር ይሸሻል፤ ዶላር ይጠነክራል። የራሷ ገንዘብ የተዳከመባት አስመጪ አገር ስንዴው በዶላር ባይጨምር እንኳ የበለጠ ትከፍላለች። ሁለቱ ሲደራረቡ ነው የሚከፋው። በ2022 ነዳጁም ወጣ፣ ዶላሩም ጠነከረ። ስሪላንካ ነዳጅና መድኃኒት የምትገዛበት የውጭ ምንዛሪ አልቆባት በአፕሪል 2022 የውጭ ዕዳዋን መክፈል ማቆሟን አስታወቀች። በእርግጥ የራሷ የፖሊሲ ችግሮች ቀድመው ነበሩ። የዓለም ዋጋ ግን የመጨረሻውን ገመድ በጠሰው።

የሸቀጥ ዋጋ መውረድ ራሱ ቀውስ ሊያመጣ ይችላል?

አዎ፣ አምጥቷልም። በጁላይ 1997 ከታይላንድ የተነሳው የእስያ ቀውስ የነዳጅ ፍላጎትን ቀነሰ። የነዳጅ ላኪ አገሮች ድርጅት የሆነው ኦፔክ ግን በኖቬምበር ጃካርታ ላይ ተሰብስቦ የምርት ኮታውን ከፍ አደረገ። ጊዜው አልነበረም። በ1998 መጨረሻ በርሜሉ 10 ዶላር አካባቢ ደረሰ። ገቢዋ በነዳጅና በጋዝ ላይ የተንጠለጠለው ሩሲያ ከዚያ በፊት፣ በኦገስት 1998፣ ሩብልን አዳክማ የመንግሥት ዕዳ መክፈል አቁማ ነበር። ባንኮክ የጀመረ የባንክ ችግር በነዳጅ ገበያ በኩል ሞስኮ ደረሰ ማለት ነው።

የዓለም ዋጋ ወርዷል ሲባል ችርቻሮው ለምን አይወርድም?

ይህ ጥያቄ ተገቢ ቁጣ አለው። በአሜሪካው የቺካጎ ገበያ የስንዴ ዋጋ በማርች 2022 ከናረ በኋላ በዚያው ክረምት ከጦርነቱ በፊት ወደነበረበት አካባቢ ተመልሶ ነበር። ዳቦ ግን በብዙ አገሮች መጨመሩን ቀጠለ። አስመጪው የያዘው ስንዴ ከወራት በፊት በውድ የተገዛ ነው። መፍጫ፣ ኤሌክትሪክ፣ ትራንስፖርትና ደመወዝ በመካከሉ ጨምረዋል። ምንዛሪውም ተለውጧል። ሲወጣ ወዲያው ጨምሮ ሲወርድ የሚዘገይ ነጋዴም አለ፤ በተለይ ተፎካካሪ በሌለበት ቦታ። ምክንያቶቹ እውነት ናቸው፤ ሰበብ የሚሆኑበት ጊዜም አለ።

አዲስ ማዕቀብ ወይም ቀውስ ስሰማ ምን ልመልከት?

የመጀመሪያውን ቀን ዋጋ አትመኑ። አዋጁን ራሱን አንብቡት፤ የመዳቡ ታሪክ ያሳየው ይህን ነው። ምን ታገደ፣ ምን ነፃ ሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ?

ቀጥሎ የቅርቡን ወር ውል ዋጋ ከሩቁ ወር ጋር አነጻጽሩ። የቅርቡ በብዙ ከበለጠ ሸቀጡ አሁን፣ እጅ ላይ፣ ጠፍቷል ማለት ነው። ሩቁ በብዙ ከበለጠ ደግሞ ሞልቶ ማስቀመጫ እየተፈለገ ነው። ከዚያ የመርከብ ኪራይና የጦርነት ሥጋት ኢንሹራንስ። እነዚህ ብዙ ጊዜ ከዋናው ዋጋ ቀድመው ይናገራሉ። ለእህል ደግሞ ትልልቆቹ ላኪ አገሮች በዚያ ሳምንት ምን እያሉ እንደሆነ ተከታተሉ። አንዷ ስታግድ ሁለተኛዋ ከተከተለች፣ አስመጪ የሆነ ሁሉ ግዢውን ዛሬውኑ ቢጀምር ይሻለዋል።